ነጎድጓድ በወር ኪራይ

እ.ኤ.አ. በ1951 ለወጣው «ዲስታንት ድራምስ» ለተባለ የአሜሪካ ፊልም አንድ ተዋናይ ስቱዲዮ ገብቶ ደጋግሞ ጮኸ። ጩኸቱ ረግረግ ሲሻገር አዞ ለነከሰው ሰው ነበር የተፈለገው። የፊልሙ ስቱዲዮ ዋርነር ብራዘርስ ጩኸቱ የተቀዳበትን ክር አልጣለውም፤ መደርደሪያ ላይ አኑሮ ለሌሎች ፊልሞቹም ይመዘው ጀመር። ዓመታት አልፈው የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት «ሰው በአዞ ሲበላ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ይህን ክር አገኘ፤ በ1977 «ስታር ዋርስ» ውስጥ ከከፍታ ለሚወድቅ ወታደር ሰጠው። ዛሬ «የዊልሄልም ጩኸት» የሚባለው ይኸው ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩ ፊልሞች ተሰምቷል፤ እናንተም ሳታውቁት ሰምታችሁት ይሆናል።

የሳውንድ ኢፌክት ላይብረሪ የሚባለው የተቀዱ ድምፆች ክምችት በመሠረቱ ያ መደርደሪያ ነው። ድሮ የየስቱዲዮው የግል ንብረት ነበር። ኋላ እንደ ካናዳው ሳውንድ አይዲያስ ያሉ ድርጅቶች ድምፁን በሲዲ እያሸጉ ለፈለገ ሁሉ ሸጡ። አሁን ደግሞ እንደ ስዊድኑ ኤፒደሚክ ሳውንድ ያሉት በወር ወይም በዓመት ክፍያ በኢንተርኔት ይሰጣሉ።

ኤዲተሩ «በር» ብሎ ሲፈልግ የሚመጣለት መዓት ነው። ችግሩም እዚያ ይጀምራል። በሩ እንጨት ነው ብረት? ተገፍቶ ነው ተወርውሮ የተዘጋው? የተቀዳው ከቅርብ ነው ከሩቅ? ጥሩ ላይብረሪ ይህን ሁሉ በፋይሉ ስምና መግለጫ ላይ ያሰፍራል፤ መጥፎው «በር 14» ብሎ ይተዋል። ሌሊቱን የማስረከቢያ ሰዓት ለደረሰበት ኤዲተር ከድምፁ ጥራት ይልቅ ዋጋ ያለው ይህ ጽሑፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጥራቱም ቢሆን ለቪዲዮ የ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን (ሳምፕል ሬት) ይበቃል። በ96 ወይም በ192 የተቀዳ ፋይል የሚፈለገው ድምፁን አዘግይቶ ለማወፈር ነው፤ ቢዘገይም ጥራቱ ቶሎ አይደበዝዝም።

የሚከፈለው ግን በዋናነት ለፈቃድ ነው። ድምፁን ማውረድ ባለቤት አያደርግም። በብዙ የወር ወይም የዓመት ክፍያ ውሎች መሠረት ደንበኛ ሳላችሁ ያወጣችሁት ሥራ ክፍያው ከቆመ በኋላም እንደተፈቀደ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ በምትሠሩት ላይ ግን ኮምፒውተራችሁ ውስጥ የቀረውን ፋይል መጠቀም አትችሉም። ድምፁን ለብቻው መሸጥ ደግሞ በየትም አይፈቀድም ማለት ይቻላል። ለዩቲዩብ ቻናል የሚሸጠው ርካሽ ጥቅልም የደንበኛ ማስታወቂያን ላይሸፍን ይችላል።

«ነፃ» የተባለውም ውል አለው። የባርሴሎናው ፍሪሳውንድ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ተጠቃሚዎች የቀዱትን ያካፍላል፤ አንዱ ፋይል ያለ ምንም ግዴታ ይወሰዳል፣ ሌላው የቀጂውን ስም መጥቀስ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው ለገቢ ሥራ ክልክል ነው። ቢቢሲም እ.ኤ.አ. በ2018 ከ16,000 በላይ ድምፆቹን ሲከፍት ለግል፣ ለትምህርትና ለምርምር ብሎ ነው።

ለእኛ አገር ሠሪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ፍንዳታ፣ ዝናብና የመኪና ፍሬን የትም ቢቀዳ ያስኬዳል። «የአፍሪካ ገበያ» የሚል ፋይል አውርዶ መርካቶ ላይ መለጠፍ ግን አያስኬድም፤ ተመልካቹ ከኋላ የሚሰማው ቋንቋ አማርኛ እንዳልሆነ ወዲያው ያውቃል። ለአዲስ አበባ መንገድ የኒው ዮርክ ሳይረን የሚሰጥ ፊልምም እንዲሁ ነው። የታክሲ ረዳቱን ጥሪ፣ የንጋቱን ቅዳሴና አዛን፣ የቡና ሙቀጫውን ምት ራሳችሁ ቅዱ፤ ፋይሉ ላይም ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ አትርሱ።