«መቶ በመቶ ተፈጽሟል»፦ የፕሮጀክት አመራር ተረትና እውነታ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ሆነ በግብረ ሠናይ ድርጅቶች የፕሮጀክት አመራር ውስጥ ሥር ከሰደዱት እምነቶች መካከል «ዕቅዱ መቶ በመቶ ስለተፈጸመ ፕሮጀክቱ ተሳክቷል» የሚለውን ያህል ጉዳት ያደረሰ ማግኘት ያስቸግራል። እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ሲዘጋ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ለግምጃ ቤት ተመላሽ ስለሚሆን፣ ሥራ አስኪያጁ በጊዜው ሊቆጠር የሚችለውን፣ ማለትም የተሠራውን ኪሎ ሜትርና የወጣውን ብር፣ ማስቀደሙ የሚጠበቅ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው የተሠራው ሥራ፣ ሥራው ካመጣው ለውጥ ጋር ሲምታታ ነው።

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባሉት ተዳፋት የገብስ ማሳዎች በበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ የሚሠራው እርከን ይህን በግልጽ ያሳያል። ተፋሰስ ማለት የዝናብ ውኃ ወደ አንድ መውረጃ የሚሰበሰብበት የመሬት ክልል ሲሆን፣ በዚያ ላይ የሚካበው የድንጋይ እርከን በሜትር ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ለወረዳም ሪፖርት ይደረጋል፤ ነገር ግን ትርፉ ውኃ የሚወርድበት ቦይ አስቀድሞ ካልተበጀለት፣ ሐምሌ ላይ የተጠራቀመው ጎርፍ ካቡን በደካማው ቦታ ይንደውና ከታች ያለውን ማሳ ይቦረቡረዋል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የሚለቀቀው ከብት የረጋገጠውን ካብ ማን እንደሚጠግንም በዕቅዱ ካልሰፈረ፣ በቀጣዩ ጥር ያው ማሳ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ይህን እያወቁ ቁጥሩን ወደ ላይ የሚያሳልፉ ኃላፊዎች የገበሬውን ጉልበት በከንቱ ያባክናሉ፤ ድርጊታቸውም የአሠራር ክፍተት ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ሰው በበዛ ቁጥር ሥራው ይፈጥናል የሚለውም እዚያው ማሳ ላይ ይወድቃል፤ የእርከኑ መስመር ተቀይሶ ችካል ሳይመታ የወጣው ሕዝብ ቆሞ ይውላል፣ አለዚያም አጣሞ ይክባል።

ዕቅድ መለወጥ ድክመት ነው ለሚሉት ደግሞ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በቂ መልስ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ከገባ በኋላ፣ ለመውጣት የተቀመጡለት መመዘኛዎች በ2006 ተሻሽለው፣ በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ውስጥ፣ ከግጭ መንደር፣ ወደ ደባርቅ የተዛወሩት ቤተሰቦች ጉዳይ ከመዝገቡ በመውጣት አይዘጋም፤ ያለ እርሻና ያለ ግጦሽ እንዴት እንደሚተዳደሩ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ክፍያ በኋላ ላለው ክትትል የሚውል ገንዘብና ኃላፊነቱን የሚወስድ ጽሕፈት ቤት ከመነሻው በዕቅዱ መስፈር አለባቸው፤ የሁለት ክረምት ክትትል ለእርከን ይበቃ ይሆናል፣ ለሰፈራ ግን የሚበቃ አይመስልም።