ሱፐርማን በጅግጅጋ፡- ሙታንታው ለምን ከላይ ሆነ?

ጅግጅጋ ገበያ ጎራ ያለ ሰው ይህንን ትዕይንት ሳያየው አይቀርም። የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ተፈትቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል። ከክምሩ ውስጥ ደረቱ ላይ ቀይና ቢጫ “ኤስ” ያለበት፣ በእጥበት ብዛት የነጣ ሰማያዊ ቲሸርት ብቅ ይላል። እናት በዓይኗ ለክታ በዋጋ ስትከራከር ልጁ ገና ሳይከፈልበት ለብሶታል። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው። ሱፐርማን ግን ከበርበራ ወደብ ተነስቶ በሐርጌሳና በቶጎ ውጫሌ በኩል ከተፍ ይላል። ጥይት የማይበሳውን ሰው ኬላ ያቆመዋል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው።

የኛ ጥያቄ ግን ስለ አመጣጡ ሳይሆን ስለ አለባበሱ ነው። ባቡር የሚቀድም ጎልማሳ ሙታንታውን ከሱሪው በላይ አጥልቆ አደባባይ ሲወጣ “ኧረ ተው!” የሚለው ዘመድ እንዴት አጣ? ነገሩ ሲመረመር ጥፋቱ የሱፐርማን ሳይሆን የሰርከስና የማተሚያ ቤት ሆኖ ይገኛል።

ሱፐርማን ለሕዝብ የታየው በ1938 “አክሽን ኮሚክስ” በተባለው መጽሔት የመጀመሪያ እትም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች ናቸው። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ “ኃይለኛ ሰው” ሲባል ትዝ የሚለው ብረት የሚያጣምመው የሰርከስ ጉልበተኛና የትግል ተጫዋቹ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጡንቻቸው እንዲታይ ገላ ላይ የሚጣበቅ ልብስ ይለብሳሉ። የሚጣበቅ ልብስ ደግሞ መታየት የሌለበትንም ስለሚያሳይ ከላዩ አጭር ቁምጣ ይደርባሉ። እኛ የምንስቅበት ሙታንታ ለካ ለጨዋነት ሲባል የተደረበ ነው!

ሁለተኛው ተጠያቂ ማተሚያ ቤቱ ነው። የጥንቱ ኮሚክስ የሚታተመው በርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ላይ፣ በአራት ቀለሞች ጥቃቅን ነጠብጣብ ነበር። ስስ ቀለም እዚያ ወረቀት ላይ ይጨማለቃል። ሰውየው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ሰማያዊ ቢሆን ከሩቅ የቆመ በርሜል ይመስላል። ቀይ ቁምጣና ቢጫ ቀበቶ ሲገቡበት ግን ወገቡ የት እንዳለ ይታወቃል። ጥቁር ቀለም ዝርዝሩን ስለሚውጠው የጥቁር ፀጉር ማብረቅረቂያ በሰማያዊ ይሳል ነበር። በ1962 የወጣው ሀልክማ በመጀመሪያው እትም ግራጫ ነበር። ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ ሲያስቸግር በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ዓለም የሚያውቀው አረንጓዴ ግዙፍ ሰው የማሽን ችግር የወለደው ነው ማለት ነው።

ካባውም ሥራ አለው። ወረቀት ላይ የተሳለ ሰው አይንቀሳቀስም። ከኋላው ጨርቅ ሲውለበለብ ግን እየተወረወረ መሆኑ ይገባናል። ሱፐርማን መጀመሪያ ላይ መዝለል እንጂ መብረር አይችልም ነበር። በ1941 የካርቱን ፊልም ሲሠራለት እንደ ፌንጣ መዝለሉ ስላላማረ እንዲበር ተፈረደለት ይባላል። የነፋስ ተርባይን በተተከለበት በአይሻ ሜዳ ቢወርድ ግን ያው ካባ ፊቱ ላይ እየተጠመጠመ መንገድ ባሳተው ነበር።

ከልብሱ በላይ የሚያስቀው መደበቂያው ነው። መነጽር ሲያደርግ “ክላርክ ኬንት” ይሆናል፤ አብረውት የሚሠሩት ጋዜጠኞች እንኳ አይለዩትም። ይኼ ጅግጅጋ ላይ አይሠራም። ሶማሌ እንግዳን የሚያውቀው በመልኩ ሳይሆን በአብቲርሲ፣ ማለትም በአያት ቅድመ አያት ቆጠራ ነው። ካል-ኤል የጆር-ኤል ልጅ መሆኑ ደህና መነሻ ነው፤ እንደኛው በአባቱ ስም ይጠራል። ግን “ከዚያስ በላይ?” ተብሎ እስከ አሥረኛው አያት ቁጠር ሲባል የግመል ወተት ሻዩን ሳይጨርስ ይጋለጣል።

እዚህ ላይ ግን ሳቁን ገታ እናድርግ። የአድዋ ጦርነትን የሚያሳዩትን የአገራችንን ባህላዊ ሥዕሎች እናስታውስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረሱን ጋልቦ፣ ካባው እየተውለበለበ ሰማይ ላይ ይታያል። የኛ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው ሲታይ ጠላት በጎኑ ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ንግሥተ ሳባን የሚተርከው ሥዕል ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች ተከፋፍሎ እንደ ኮሚክስ ተራ በተራ ይነበባል፤ ሰዎቹም ሁሉም አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። የአንበሳ ጎፈር ደፍቶና ለምድ ደርቦ የሚዘምተው አርበኛስ ከሱፐርማን በምን ያንሳል? ሁሉም የሚፈቱት እንቆቅልሽ አንድ ነው፤ ማን ጀግና፣ ማን ጠላት እንደሆነ ማንበብ የማይችል ሰውም በአንድ እይታ እንዲለይ ማድረግ። ለዚህ ነው ከጅግጅጋ ክምር ውስጥ ሕፃኑ ያንን “ኤስ” መርጦ የሚያወጣው።

ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ነው። የታሪኩ ባለቤት ማነው? ሲግልና ሹስተር የሱፐርማንን መብት በ1938 የሸጡት በ130 ዶላር ነበር። ኩባንያው ሲከብር እነሱ ተቸግረው ኖሩ። በየዓመቱ 20 ሺህ ዶላር ለእያንዳንዳቸው እንዲከፈልና ስማቸው እንዲመለስ የተስማማው በ1975 ነው፤ ያውም ከብዙ አቤቱታ በኋላ።

የሶማሌ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሚነግሩት የደግዴር ተረት አለ። ስሟ “ረጅም ጆሮ” ማለት ነው። ሰው በላ ናት፤ ከሩቅ ትሰማለች፣ በሩጫም የሚያመልጣት የለም። እንዲህ ያለች ባላንጣ ለየትኛውም የኮሚክስ ሠሪ ሎተሪ ናት። ተረቱን ማሪያን ሐሰን ጽፋው ሥዕል ታክሎበት በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ የታተመው በ2007 ነው፤ ቦታው ግን ጅግጅጋ ሳይሆን ብዙ ሶማሌዎች የተሰደዱበት ሚኒሶታ ነበር። በእኛም በኩል ጅምር አለ። በስራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ በ2018 “ጀምበር”ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ አማኑኤል ጥላሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከዚህ የበለጠ የኛ የሆነ ጀግና ከየት ይመጣል?

ሙታንታውን በተመለከተ፣ ባለመብቶቹም ሳያፍሩበት አልቀሩም። በ2011 ከኮሚክሱ አስወለቁት። በ2018 ግን መለሱለት፤ በ2025 የወጣው ፊልምም ላይ አጥልቆት ታይቷል። የሚያስቅ ልብስ እንኳ ባለቤት ሲኖረው ይከራከሩለታል። የኛዋ ረጅም ጆሮ የምትለብሰውን የሚወስንላት ሰዓሊ ግን ከጅግጅጋም ቢነሳ መልካም ነው። ያን ጊዜ የሷ ቲሸርት በቦንዳ እስኪመጣ አንጠብቅም።