ቀጭኑን ገበሬ የማያይ ስሌት

ሥር የሰደደ በሽታ ማንን እንደሚይዝ አስቀድሞ የመተንበይ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2025 ጎንደርን በቀጥታ ወደሚመለከት ክርክር ገባ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ባካሄደው ጉባኤ፣ ከምግብ እጥረት የሚመጣውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ ተቀበለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 መድቦት፣ በ1999 ከምድቡ ያወጣው በሽታ ነው።

የመተንበያ ስሌቶች መነሻቸው ቀላል ልኬት ነው። ከ1948 ጀምሮ በአሜሪካ የተካሄደው የፍራሚንግሃም ጥናት ዕድሜን፣ ደም ግፊትን፣ ኮሌስትሮልንና ሲጋራን ከልብ ሕመም ጋር አያያዘ። የፊንላንዱ የስኳር መጠይቅ ደግሞ ለውፍረትና ለወገብ ዙሪያ ትልቅ ነጥብ ይሰጣል። ከጎንደር ገጠር የመጣ ቀጭን ወጣት ገበሬ በዚህ መጠይቅ ቢመዘን «አያሰጋህም» ተብሎ ይሸኛል።

ስህተቱ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በጎንደርና በጅማ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን በብዛት ድሃ፣ ከሲታ ወጣት ወንዶች መሆናቸውን አሳዩ፤ የምግብ እጥረቱ ጉዳይ እንደገና እንዲታይም ጠየቁ። በ2020 በአማራ ሕሙማን ላይ የወጣ የዘረመል ጥናት በበኩሉ በከፊሎቹ ደም ውስጥ የራስን ቆሽት ዒላማ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላትን አገኘ። ስለዚህ አንድ የሚመስለው በሽታ ሁለት መንገድ፣ ማለትም የምግብ እጥረትና ሰውነት ራሱን ማጥቃቱ፣ ሳይኖረው አይቀርም። በካሜሩን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተካሄደው የ2025 ጥናትም «ዓይነት 1» ከተባሉት ወጣቶች 65 በመቶ ያህሉ እነዚህ ፀረ እንግዳ አካላት እንደሌሏቸው አሳይቷል። ልዩነቱ ለሕሙማኑ ትልቅ ነገር ነው፤ እህል ባጠረበት ቤት ኢንሱሊን ከልክ ካለፈ የደም ስኳር ወርዶ ሰው ሊገድል ይችላል።

ከብዙ ዘረመሎች የሚደመረው የስጋት ነጥብም ይህን ክፍተት አይሞላም፤ የተሠራበት መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ነው። «አፍሪካዊ» የሚል አንድ ምድብ መጨመርም አይበቃም። በምዕራብ አፍሪካ ብዙ ሰው ያለበትና ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጠው አፖኤል1 የተባለው ዘረመል ለውጥ፣ በ2011 በወጣ ጥናት በኢትዮጵያውያን ላይ አልተገኘም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ በሰሜን ጎንደር ደጋ ባለችው ዳባት የነዋሪውን ልደትና ሞት ይመዘግባል። በዚህ መዝገብ ላይ የልጅነት አመጋገብና የደም ናሙና ቢጨመርበት፣ ለደጋው ሰው የሚሆን ስሌት ከራሱ ከደጋው መረጃ መሥራት ይቻላል።