ቢጫዋ የጨረር መለኪያ፦ ቀስቷ ዜሮ ላይ ነው ማለት ሰላም ነው ማለት ነው?

እጀታ ያላት፣ አናቷ ላይ ባለ ቀስት መለኪያ የተገጠመላት ቢጫ የብረት ሳጥን ዩቲዩብ ላይ ሳታዩ አትቀሩም። ብዙ ሰው "ጋይገር ካውንተር" ይላታል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚሁ ጋ ነው።

በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የኒውክሌር ጥቃት ቢደርስብን ብሎ ሰጋ። ከፍንዳታው በኋላ ጨረር ያዘለ አቧራ ከሰማይ ይወርዳል። ታዲያ መጠለያ ውስጥ የተደበቀ ሰው መቼ መውጣት እንደሚችል በምን ያውቃል? ለዚህ ሲባል በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነዚህ መለኪያዎች በብዛት ተመረቱ። በመጫወቻ ባቡር የሚታወቀው ላዮኔል ሳይቀር ከአምራቾቹ አንዱ ነበር።

በብዛት የሚታዩት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ።

🔸 ሲዲ ቪ-700፦ እውነተኛዋ ጋይገር ይቺ ናት። በገመድ የተያያዘ ዘንግ አላት፤ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሟት ጠቅ ጠቅ ትላለች። አነስተኛ ጨረርን ትለያለች፣ ጣሪያዋ ግን በሰዓት 50 ሚሊ ሮንትገን ነው።

🔸 ሲዲ ቪ-715፦ ይቺ ጋይገር አይደለችም። ውስጧ አየር የያዘ ዝግ ክፍል አለ። ጨረር አየሩን ሲመታው ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ቀስቱን የሚገፋው እሱ ነው። እስከ 500 ሮንትገን በሰዓት ትለካለች። ይህም ከ700ዋ ጣሪያ 10,000 እጥፍ ነው፤ እዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት መቆየት ሊገድል ይችላል።

እና ምን ይሁን ትሉ ይሆናል። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የፉኩሺማ አደጋ ሲደርስ ብዙ ሰው እነዚህን አሮጌ ሳጥኖች ኢንተርኔት ላይ ተሻምቶ ገዛ። 715ን ይዞ ምግብ ወይም አፈር መለካት ግን በኩንታል ሚዛን የወርቅ ቀለበት እንደመመዘን ነው። ቀስቱ ንቅንቅ አይልም፤ ሰውየው ግን "ተመስገን፣ ንጹሕ ነው" ይላል።

ተቃራኒውም አለ። 700ዋ በጣም ኃይለኛ ጨረር ውስጥ ከገባች ልትጨናነቅና ቀስቷ ወደ ዜሮ ሊመለስ ይችላል። ማለትም ዋናው አደጋ ፊታችሁ ቆሞ "ምንም የለም" ልትላችሁ ትችላለች።

በዚያ ላይ ዕድሜ አለ። 715 ላይ ያለው መፈተሻ የሚነግራችሁ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ልኬቱ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው መጠኑ በታወቀ ጨረር ተፈትሾ ሲስተካከል ነው።

ስለዚህ ልትገዙ ካሰባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦
✅ ቁጥሯ ስንት ነው?
✅ የተሠራችው ለየትኛው የጨረር መጠን ነው?
✅ መጨረሻ የተስተካከለችው መቼ ነው?

700 ከሆነች ደግሞ ጎኗ ላይ የተለጠፈውን መሞከሪያ አትፈልቅቁት፤ እሱ ራሱ ጥቂት ጨረር ያወጣል።

ለመደርደሪያ ጌጥ ከሆነ ታምራለች። ጤናችሁን የምታምኑባት ከሆነ ግን ለሥራው የተሠራና የተስተካከለ አዲስ መለኪያ ይሻላል። ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።