«ነፃው» የቤት ትምህርት ስንት ያወጣል?

መርካቶ ውስጥ መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ ከፍሎ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ለገበያው እንግዳ መሆኑን ባለሱቁ ወዲያው ያውቃል። የአሜሪካ ኮሌጆች ገበያም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ኮሌጁ የሚጠራው ዋጋ አንድ ነው፤ ቤተሰቡ በመጨረሻ የሚከፍለው ሌላ ነው። በዚህ ገበያ ላይ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ ገዥ ይታያል። ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይልክ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ቤቱ አስተምሮ ኮሌጅ በር ላይ የሚያደርስ ወላጅ ነው።

ይህ ወላጅ ጥቂት አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ድረስ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል። የአገሪቱ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል በ1999 ባደረገው ጥናት ቤት የሚማሩት 850 ሺሕ ያህል ሲሆኑ፣ በ2012 ወደ 1.8 ሚሊዮን ተጠግተዋል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የቆጠራ ቢሮው ባካሄደው ጥናት ደግሞ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ድርሻ በ2020 ጸደይ ከነበረበት 5.4 በመቶ በዚያው ዓመት መኸር ወደ 11.1 በመቶ ዘልቋል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢቀንስም የተከፈተው በር ተመልሶ አልተዘጋም።

ጉዳዩ ለአገራችን ሰዎችም ሩቅ አይደለም። በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው የአሌክሳንድሪያ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ሌላ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እዚያ ያለ ወንድም ወይም እህት «ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ ቤት ላስተምረው ነው» ብሎ ሲደውል፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «ኮሌጅ ይቀበሉታል ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ሒሳቡ ያዋጣል ወይ?

ሕጉ ቀላል፣ ሒሳቡ ከባድ

በቨርጂኒያ ሕግ ወላጁ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ያስገባል። ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ወላጅ በዚያው ብቻ ለማስተማር ይበቃል። በተከታዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ማስረጃው በቋንቋና በሒሳብ የአገር አቀፍ ፈተና ውጤት ወይም ብቃት ያለው ገምጋሚ የሚሰጠው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። በፈተናው የሚጠየቀው ዝቅተኛ ውጤት ከ100 ተፈታኞች 23 ያህሉን የሚያስበልጥ ነው። ይህ ሕጉን ለማሟላት ይበቃል፤ ኮሌጅ ለመግባት ግን አይበቃም።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «የትምህርት ክፍያ የለውም፣ ስለዚህ ነፃ ነው» ብሎ ሲነሳ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤትም ነፃ ነው። ቤት ማስተማር የሚያስከፍለው ዋናው ነገር የወላጅ ጊዜ ነው። በ2025 የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.41 ዶላር ነበር። እናት ወይም አባት በሳምንት 20 የሥራ ሰዓት ቢቀንሱና ይህ በዓመት ለ40 ሳምንታት ቢቀጥል 9,928 ዶላር ከቤቱ ገቢ ይጎድላል። በአራት ዓመት 39,712 ዶላር መሆኑ ነው። መጽሐፉ፣ ቤተ ሙከራውና የአስጠኚው ክፍያ ገና አልተጨመረም። የወላጁ ደመወዝ ከፍ ያለ ከሆነ ጉድለቱም በዚያው ልክ ይከብዳል።

ማኅተም የሌለው ወረቀት

ሁለተኛው ወጪ የእምነት ወጪ ነው። ግዛቱ ቤት ለተማረ ልጅ ዲፕሎማ አይሰጥም። ትራንስክሪፕቱን የሚያዘጋጀውም፣ ውጤቱን የሚሞላውም፣ የሚፈርመውም ወላጁ ራሱ ነው። ዕቃውን ያመረተው ሰው የጥራት ማረጋገጫውንም ራሱ ሲጽፍ ገዥ ይጠራጠራል። ኮሌጆች እነዚህን ተማሪዎች ይቀበላሉ፤ ሆኖም ከወላጁ ፊርማ ሌላ የሦስተኛ ወገን ምስክር ሲያገኙ ይበልጥ ያምናሉ።

ይህ ምስክር የሚገዛ ነው። የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና በ2024/25 የትምህርት ዘመን 68 ዶላር ያስከፍል ነበር። ኤ.ፒ. የሚባሉት በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጡ ፈተናዎች በ2025 አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዳቸው 99 ዶላር ነበሩ። የኤ.ፒ. ፈተና የሚሰጠው ሜይ ላይ ቢሆንም፣ ቤት የሚማረው ልጅ የሚያስፈትነውን ትምህርት ቤት ራሱ ፈልጎ ከመኸር ጀምሮ ካልተመዘገበ ዓመቱ ያመልጠዋል። ከኤ.ፒ. የቋንቋ ፈተናዎች መካከል አማርኛ ስለሌለ፣ የቤቱን ቋንቋ በዚህ መንገድ ወደ ክሬዲት እለውጣለሁ ብሎ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉም የሚያሳምነው ምስክር በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የተመዘገበ ውጤት ነው። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለግዛቱ ነዋሪ አንዱን ክሬዲት በ200 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ልጁ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ዕድሜው 30 ክሬዲት ቢወስድ ወጪው 6,000 ዶላር ይሆናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ክሬዲት ብዙውን ጊዜ በነፃ ወይም በቅናሽ ያገኙታል፤ ቤት የሚማረው ግን በአብዛኛው ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው።

የሚጠራው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ

የኮሌጅ ምርጫ ሲመጣ የመርካቶው ሕግ ይሠራል። የግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቻቸው ከሚጠሩት የትምህርት ክፍያ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በስኮላርሺፕ መልክ ይቀንሳሉ። ስለዚህ 60 ሺሕ የሚጠራው ኮሌጅ 30 ሺሕ ከሚጠራው ሊረክስ ይችላል። እያንዳንዱ ኮሌጅ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውን የተጣራ ዋጋ የሚገምት ማስያ እንዲያቀርብ ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ማመልከቻ ከመሙላት በፊት ይህን ማስያ መሞከር ወጪው የግማሽ ሰዓት ጊዜ ብቻ ነው።

የመንግሥት ድጋፍ መጠየቂያው ፋፍሳ ቤት የተማረውንም ያካትታል። በ2024/25 ከፍተኛው የፔል ድጋፍ 7,395 ዶላር ነበር፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሊያገኘው ይችላል። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ልጅ ግን አያገኘውም።

ጥንቃቄ የሚያሻው «ቀደምት ውሳኔ» የሚባለው ማመልከቻ ነው። ተማሪው ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ ይፈርማል። ዋጋ ሳያወዳድሩ ቀብድ እንደመክፈል ነው፤ ለመደራደር የሚያስችለውን ጉልበት አሳልፎ ይሰጣል።

የመጨረሻው ድምር

የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ለቨርጂኒያ ነዋሪ በ2024 በዓመት ወደ 14 ሺሕ ዶላር ያስከፍል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት፣ ማለትም 60 ክሬዲት፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የጨረሰ ተማሪ ከ28 ሺሕ ይልቅ 12 ሺሕ ከፍሎ የ16 ሺሕ ዶላር ልዩነት ያገኛል። ሁለቱ ተቋማት ለዚህ ዝውውር ከ2018 ጀምሮ የጋራ ፕሮግራም አላቸው። የሚያስገርመው ግን ይህን ትርፍ ለማግኘት ቤት መማር አለማስፈለጉ ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጣውም ያገኘዋል።

ቤት የተማረው ልጅ 30ውን ክሬዲት ቀድሞ ቢይዝ የሚያተርፈው 8,000 ዶላርና አንድ ዓመት ቀድሞ ሥራ መጀመር ነው። ይህም የሚሆነው የሚገባበት ኮሌጅ ክሬዲቱን ከተቀበለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ኮርሱ ከመወሰዱ በፊት የመጨረሻውን ኮሌጅ መጠየቅ ይገባል። 12ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ ክሬዲት ከሰበሰበ ደግሞ እንደ አዛዋሪ ተቆጥሮ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን ስኮላርሺፕ ሊያጣ ይችላል።

በገንዘብ ብቻ ሲታይ 39,712 ዶላር ጉድለት በ8,000 ዶላር አይሞላም። ስለዚህ ቤት ማስተማርን በርካሽነቱ የመረጠ ቤተሰብ ተሳስቷል። ልጁ በትምህርት ቤት ስለተሰቃየ፣ ስለታመመ ወይም ከክፍሉ ስለቀደመ የመረጠው ግን ሌላ ዕቃ ነው የገዛው፤ ዋጋውን አውቆ እስከከፈለ ድረስ ኪሳራ አይባልም።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ባሉት ሳምንታት በ57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ለዘመድ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ የሚያግዝ የአዲስ አበባ ነጋዴም እንግዲህ «ስንት ልላክ?» ከማለቱ በፊት «የተጣራው ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከልጁም ከራሱም ኪስ ይጠቅማል።