ራውተሩ ከመታደሱ በፊት ቅጂው ይቀመጥ



ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ሞጆ ላይ ተደራርበው የሚታዩት ኮንቴነሮች የማንኛችንንም ዓይን ይስባሉ። ደረቅ ወደቡ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከጅቡቲ የሚመጣውን ዕቃ ሲቀበል ኖሯል። ዕቃው በመኪናና በባቡር ይገባል፤ ሲወጣ ግን ቀድሞ የሚንቀሳቀሰው ወረቀቱ ነው። ወረቀት የምንለው ከልማድ ነው እንጂ ትራንዚተሩ የሚያቀርበው ዲክላራሲዮንም ሆነ የመልቀቂያ ፈቃዱ ዛሬ የሚያልፈው በኔትወርክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም በዚሁ መንገድ ይገናኛሉ። መስመሩ ከተቋረጠ ክሬኑ ጤነኛ፣ ሹፌሩ ዝግጁ፣ ቀረጡም የተከፈለ ቢሆን ኮንቴነሩ ካለበት አይነሳም።

ከመካከላችን ኮምፒውተርና ኤሌክትሪካል የምንማር ነገ ለአፓረንትሽፕ ወይም ለሥራ እንዲህ ዓይነት ቦታ መግባታችን አይቀርም። እዚያ በአደራ ከሚሰጡን ዕቃዎች አንዱ ራውተር ነው፤ መረጃ በየት በኩል መሄድ እንዳለበት የሚወስነው ሣጥን። ብዙ ሰው አንዴ ከተሰካ በኋላ ይረሳዋል። ግን እሱም በውስጡ ሶፍትዌር አለው፤ ሶፍትዌር ደግሞ ያረጃል፣ ቀዳዳም ይገኝበታል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 መጨረሻ ሲስኮ ስማርት ኢንስቶል በተባለ አገልግሎቱ ላይ ስለተገኘ ከባድ ቀዳዳ አስጠንቅቆ ማሻሻያ አወጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በዚያው አገልግሎት በኩል ጥቃት ተፈጸመ። የኢራን መንግሥት በሰጠው ቁጥር መሠረት በዓለም ዙሪያ 200,000 ያህል መሣሪያዎች ሲጠቁ 3,500ዎቹ በኢራን ነበሩ። አጥቂዎቹ ቅንብሩን ደምስሰው የአሜሪካን ባንዲራ ምስል ትተው ሄዱ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ምን መሥራት እንዳለበት ግን ረስቷል። የቅንብሩ ቅጂ በእጁ ያለ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ራውተር በደቂቃዎች ይመልሰዋል። የሌለው ግን እያንዳንዱን አድራሻና መንገድ ከትዝታ እየለቀመ ይጽፋል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንያዝ። አንደኛው ቅንብሩ ነው፤ ጥቂት ኪሎባይት የሆነ ተራ ጽሑፍ። ሁለተኛው ስርዓተ ክወናው ራሱ ነው፤ ከአሥር እስከ መቶዎች ሜጋባይት የሚመዝን ፋይል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ ስርዓተ ክወናው ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ የተቀመጠው ቅንብር ኤንቪራም ላይ፣ አሁን እየሠራ ያለው ቅንብር ደግሞ ራም ላይ። ራም መብራት ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። ከሰዓት የጨመርነውን መንገድ «ኮፒ ራኒንግ-ኮንፊግ ስታርትአፕ-ኮንፊግ» ብለን ካላስቀመጥነው መብራት ሄዶ ሲመጣ የለም ማለት ነው። በእኛ አገር ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል።

አፕግሬድ ሲደረግ በመጀመሪያ ሁለቱም ከራውተሩ ውጭ ይገለበጣሉ። በትምህርት ክፍል የምንለምደው ቲኤፍቲፒ ለመለማመጃ ይበቃል፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ አይመሰጥርም፣ አሮጌዎቹ አሠራሮቹም ከ32 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል መሐል ላይ ይጥላሉ። ቅንብሩ ውስጥ የይለፍ ቃሎች ስላሉ በሥራ ቦታ ኤስሲፒ ይሻላል። አዲሱ ፋይል ሲወርድ ሐሹ አምራቹ ካሳተመው ጋር ይመሳከር፤ በደካማ መስመር የወረደ ፋይል አንድ ቢት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ፍላሹ ቦታ ካለው አሮጌው አይጥፋ። በ«ቡት ሲስተም» ትእዛዝ አዲሱን አንደኛ፣ አሮጌውን ሁለተኛ አድርገን ብንጽፍ አዲሱ አልነሳ ሲል ራውተሩ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ሰዓቱም ይመረጥ። መኪና በር ላይ ተሰልፎ ራውተር ሪሎድ አይደረግም፤ ከዒሻ በኋላ ተጀምሮ ከፈጅር በፊት ቢያልቅ ማንም አይጎዳም። የኮንሶል ገመድ ይዞ ከሣጥኑ አጠገብ መቀመጥም ግድ ነው፤ ራውተሩ ካልተነሳ በርቀት የምንገባበት መስመር ራሱ የለምና። ሶፍትዌሩን ሳይሆን ቅንብሩን ብቻ በርቀት የምንቀይር ከሆነ ግን «ሪሎድ ኢን 10» የምትባል ጥሩ ዘዴ አለች፦ ተሳስተን ራሳችንን ውጭ ብንቆልፍ ከ10 ደቂቃ በኋላ መሣሪያው ወደተቀመጠው ቅንብር ይመለሳል፤ ከተሳካልን «ሪሎድ ካንስል» ብለን እንሰርዘዋለን።

ቅጂው የት ይቀመጥ? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት ኮንቴነሮቹ በየወደቡ የሚታዩትን የመርስክ ኩባንያ ሲመታ፣ የኔትወርኩን ተጠቃሚዎች መዝገብ የያዙት ሰርቨሮች በየአገሩ እርስ በርስ ቅጂ ይለዋወጡ ነበር። ሁሉም የተያያዙ ስለነበሩ ሁሉም አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርኩ ስለተለየ። መብራት መጥፋቱ የጠቀመበት ብርቅ ቀን! እንግዲህ ቢያንስ አንዱ ቅጂ ከኔትወርኩ ተነቅሎ፣ በሌላ ሕንፃ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ቅጂው ተፈትኖም መታየት አለበት። ቁርኣን የሐፈዘ ሰው ኡስታዙ ፊት ሳያሰማ ሐፍዟል አይባልም፤ ቅጂም በሌላ ራውተር ላይ ተጭኖ ካልታየ ገና ቅጂ አልሆነም።

ይህን ሁሉ ያለ እውነተኛ ራውተር መለማመድ ይቻላል። ፓኬት ትሬሰር ላይ አንድ ራውተርና አንድ ሰርቨር አገናኙ፣ የፍላሹን ፋይል ወደ ሰርቨሩ ገልብጡ፣ ከዚያ ከፍላሹ ሰርዙትና ሪሎድ አድርጉ። ራውተሩ «ሮሞን» የሚል መስመር ላይ ይቆማል። «ቲኤፍቲፒዲኤንኤልዲ» በሚለው ትእዛዝ ከዚያ አውጡት።