የስኳር መከታተያ ሴንሰርና የኢንሱሊን ፓምፕ ጥምረት፦ አሠራሩ፣ ጥቅሙና በደቡብ ጎንደር ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

ኢንሱሊን በቆሽት የሚመነጭ፣ ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳትን ስለሚያጠፋ፣ ታካሚው በሕይወት ለመቆየት በየቀኑ ኢንሱሊን መውሰድ ግድ ይሆንበታል። መጠኑ ሲያንስ የደም ስኳር ከፍ ይላል፤ ቆይቶም ሰውነትን ለአደጋ ያጋልጣል። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ስኳሩ ከሚገባው በታች ወርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ጤናማ ቆሽት ይህን ሚዛን በየደቂቃው ይጠብቃል፤ በመርፌ የሚታከም ሰው ግን ሚዛኑን የሚያስተካክለው በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በቅርብ ዓመታት በስፋት ሥራ ላይ የዋለው የሴንሰርና የፓምፕ ጥምረት ዓላማም ይህን ክፍተት ማጥበብ ነው።

ስለ መሣሪያዎቹ ከውጭ አገር ዘመዶች የሚሰሙ ወይም መሣሪያዎቹ የተላኩላቸው ቤተሰቦች ትክክለኛ መረጃ ሊኖራቸው ይገባል። መሣሪያው የሌላቸው ታካሚዎችም የአሠራሩን መርሕ ቢረዱ የራሳቸውን ሕክምና በተሻለ ሁኔታ መከታተል ይችላሉ።

መሣሪያዎቹ እንዴት ይሠራሉ?

ተከታታይ የስኳር መለኪያ በክንድ ወይም በሆድ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አነስተኛ ሴንሰር ነው። ከቆዳ ሥር የሚገባው ቀጭን ክር በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ያለውን የስኳር መጠን ይለካል፤ ውጤቱንም ከ1 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ልዩነት ወደ ስልክ ወይም ወደ ማንበቢያ መሣሪያ ያስተላልፋል። ከቁጥሩ ጋር ስኳሩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን የሚጠቁም ቀስት ያሳያል፤ አብዛኞቹ ዓይነቶችም አደጋ ሲቃረብ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማሉ። አንድ ሴንሰር እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 15 ቀን ካገለገለ በኋላ በአዲስ ይተካል።

ሴንሰሩ የሚለካው ደምን በቀጥታ ባለመሆኑ ውጤቱ ከደም ስኳር በጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል። በመሆኑም ስኳር በፍጥነት በሚወጣበት ወይም በሚወርድበት ጊዜ፣ ወይም የሴንሰሩ ቁጥርና የታካሚው ስሜት ሳይጣጣሙ ሲቀሩ፣ ከጣት ደም ተወስዶ በግሉኮሜትር መረጋገጥ አለበት።

የኢንሱሊን ፓምፕ በኪስ ወይም በወገብ የሚያዝ፣ አንዳንዱም በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ ነው። ፈጣን ኢንሱሊን በትንሽ በትንሹ፣ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ለምግብ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ መጠን ታካሚው ራሱ ያዝዛል። ኢንሱሊኑን ወደ ሰውነት የሚያስገባው ቱቦና መርፌ ብዙውን ጊዜ በየ2 ወይም በየ3 ቀኑ ይቀየራል።

ሁለቱ ሲጣመሩ

ሴንሰሩና ፓምፑ ለየብቻቸው ሲሆኑ ውሳኔው ሙሉ በሙሉ የታካሚው ነው። ሲጣመሩ ግን በመካከላቸው ያለው የስሌት ሥርዓት የሴንሰሩን ቁጥር አንብቦ ፓምፑ የሚሰጠውን መጠን ያስተካክላል። ስኳሩ ወደ ታች እያዘነበለ ከሆነ ኢንሱሊኑን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይጨምራል። በአሜሪካ ለመጀመሪያው ተከታታይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ኢንሱሊንን በከፊል በራሱ ለሚያስተካክለው የመጀመሪያው ጥምር ሥርዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ ተሰጥቷል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በወጣው ብሔራዊ መመሪያ ሥርዓቱ በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ለሚታከሙ ለበርካታ ሰዎች እንዲሰጥ ተመክሯል።

የጥምረቱ ዋነኛ ጥቅም በሌሊት ይታያል። ታካሚውና ቤተሰቡ በተኙበት ሰዓት የሚከሰት የስኳር መውረድ በቀላሉ አይታወቅም፤ ሥርዓቱ ግን ቀድሞ ኢንሱሊኑን ይገታል፣ ያስጠነቅቃልም። ባለሙያዎች ለአብዛኞቹ የዓይነት 1 ታካሚዎች የሚያስቀምጡት ግብ የስኳር መጠናቸው ከቀኑ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆነው ጊዜ ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር እንዲሆን፣ ከ70 በታች የሚቆይበት ጊዜ ደግሞ ከ4 በመቶ እንዳይበልጥ ነው።

ይህ ማለት ግን መሣሪያው ሕመሙን ይፈውሳል ማለት አይደለም። ታካሚው የምግቡን መጠን ማስላት፣ ቱቦውን በወቅቱ መቀየርና ማስጠንቀቂያዎችን መከታተል ይጠበቅበታል። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ፓምፕ በሰውነት ውስጥ ለረጅም ሰዓት የሚቆይ የኢንሱሊን ክምችት እንደማይተው ነው። ቱቦው ቢደፈን ወይም ባትሪው ቢያልቅ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ በጣም ከፍ ይላል፤ ኬቶን የተባለ አሲዳማ ንጥረ ነገርም በደም ውስጥ መከማቸት ይጀምራል። ስለዚህ ፓምፕ የሚጠቀም ሰው ሁልጊዜ የኢንሱሊን ብልቃጥ፣ ሲሪንጅና ግሉኮሜትር በአጠገቡ ሊኖሩት ይገባል፤ በመርፌ ቢታከም ምን ያህል መውሰድ እንዳለበትም ከሐኪሙ በጽሑፍ ተቀብሎ መያዝ አለበት።

በደቡብ ጎንደር ያለው ሁኔታ

በመንግሥት የጤና ተቋማት መደበኛው የኢንሱሊን ሕክምና የሚሰጠው በብልቃጥና በሲሪንጅ ነው። በደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ እንደ አዲስ ዘመን፣ ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ባሉ ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ክትትል የሚያደርጉ ታካሚዎች ሕክምና በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው። የሴንሰርና የፓምፕ ጥምረት ያለማቋረጥ የሚቀርቡ ተተኪ ዕቃዎችን፣ የሠለጠነ ባለሙያንና አስተማማኝ የኤሌክትሪክ ኃይልን ስለሚጠይቅ በቀላሉ የሚስፋፋ አገልግሎት አይደለም።

አካባቢው በስኳር ሕመም ጥናት የራሱ ስፍራ አለው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የስኳር ሕመምን ጨምሮ የረጅም ጊዜ ሕመሞች ክትትል በገጠር ጤና ጣቢያዎች በነርሶች እንዲሰጥ ካደረጉት ቀዳሚ ተቋማት አንዱ ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት በገጠር ኢትዮጵያ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ ታካሚዎች ወጣት፣ ድሃና ቀጭን መሆናቸውን በማሳየት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው የስኳር ሕመም ጉዳይ እንደገና እንዲጤን ጠይቋል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ሕመም ዓይነት 5 በሚል መጠሪያ ተቀብሎታል። በምግብ እጥረት በተጎዳ ሰው ላይ ከሚገባው በላይ የሆነ ኢንሱሊን ስኳርን በፍጥነት ስለሚያወርድ ተደጋግሞ መለካት ለእነዚህ ታካሚዎችም የሕይወት ጉዳይ ነው።

መሣሪያ ከውጭ ለሚላክላቸው

ከውጭ የመጣ መሣሪያ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለሚከታተለው ሐኪም መታየት አለበት። የሕክምና መሣሪያዎችን ጥራትና ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በመሆኑ ስለ ፈቃድ ከዚያው ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚህ በተጨማሪ የሚከተሉትን ማጣራት ያስፈልጋል፦

- የሴንሰሩ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለማለፉን፣ ከታካሚው ስልክ ጋር መስማማቱን፤
- ተተኪ ሴንሰር፣ ቱቦና ፈጣን ኢንሱሊን ቢያንስ ለተከታታይ ወራት የሚገኝበት መንገድ መኖሩን፤
- ፓምፑ ቀደም ሲል ሌላ ሰው የተጠቀመበት ከሆነ የዚያ ሰው የመጠን ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ መሰረዙን፤
- በመሣሪያው መመሪያ ላይ የተገለጸውን የከፍታና የሙቀት ወሰን።

የመጨረሻው ነጥብ በዚህ አካባቢ ልዩ ትኩረት ይሻል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። አንዳንድ የመለኪያ ስትሪፖች በብርድና በኦክስጅን ማነስ ምክንያት የተዛባ ውጤት ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ ከጉና ግርጌ የሚኖሩ ተጠቃሚዎች የመሣሪያቸውን ውጤት በሆስፒታል ከሚሠራ የደም ምርመራ ጋር በየጊዜው ማነጻጸር ይጠቅማቸዋል።

የሴንሰሩ ክምችት ቢያልቅ ታካሚው ወደ ግሉኮሜትር ይመለሳል። የፓምፑ ዕቃ ሊያልቅ ከተቃረበ ግን ሳይቋረጥ ወደ መርፌ መመለስ የሚቻልበትን ዕቅድ አስቀድሞ ከሐኪም ጋር ማዘጋጀት ግዴታ ነው።

በመርፌ የሚታከሙ ሊያደርጉት የሚገባ

ጥምር ሥርዓቱ የሚያከናውናቸው ተግባራት ሦስት ናቸው፤ መለካት፣ ማስላትና መስጠት። በመርፌ የሚታከም ሰውም እነዚህኑ ተግባራት በእጁ ያከናውናል። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ መለካት የሚችል ታካሚ ጊዜውን መምረጥ አለበት፤ ከቁርስ በፊት፣ ከእራት በፊትና ከመኝታ በፊት የሚወሰዱ ልኬቶች ብዙ መረጃ ይሰጣሉ። ቁጥሩ፣ ሰዓቱ፣ የተወሰደው የኢንሱሊን መጠንና የተበላው ምግብ በደብተር ከተመዘገቡ ሐኪሙ መጠኑን የሚያስተካክለው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። ጽሕፈት ለማይችሉ ወላጆች ተማሪ ልጅ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሊያግዝ ይችላል።

ጾም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ነጣ ያለው ኤን ፒ ኤች የተባለው ኢንሱሊን ከተወሰደ በኋላ ኃይሉ የሚበረታው ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የተወጋ ሰው የኢንሱሊኑ ኃይል የሚበረታበት ከቀኑ 5 እስከ 11 ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህ ታካሚ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ ቢቆይ፣ በተለይም በእርሻ ሥራ ላይ ከዋለ ወይም ረጅም ዳገት ከተጓዘ፣ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። መፍትሔው ኢንሱሊኑን በራስ ውሳኔ መተው አይደለም። ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መጠኑንና ሰዓቱን መመካከር፣ ከንስሐ አባትም ጋር ስለ ሕመሙ መነጋገር ይገባል። በረመዳን ለሚጾሙም ምክሩ ተመሳሳይ ነው። ጸበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም ኢንሱሊናቸውን ይዘው መሄድና ሳያቋርጡ መውሰድ ይኖርባቸዋል፤ በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ኢንሱሊን ማቋረጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

የኢንሱሊን አያያዝ

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ብዙውን ጊዜ ለ4 ሳምንታት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቆይ ይችላል። ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ በተለይ በፎገራ ሜዳና በሌሎች ሞቃት ቀበሌዎች፣ ብልቃጡን በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ በትንሽ ማሰሮ ውስጥ ማኖር፣ ማሰሮውን በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጦ በመካከሉ ያለውን አሸዋ በውሃ ማርጠብ ሙቀቱን ይቀንሳል። በጉና ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ስጋቱ ውርጭ ነው። አንድ ጊዜ የበረደና ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን ቢሟሟም ኃይሉን ስለሚያጣ መወገድ አለበት። ንጹሕ መሆን የሚገባው ሬጉላር ኢንሱሊን ከደፈረሰም ጥቅም ላይ መዋል የለበትም።

የአደጋ ምልክቶችና አስቸኳይ እርምጃ

መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ድንገተኛ ርሃብ፣ የልብ ምት መፍጠንና መደናገር ስኳር መውረዱን ያመለክታሉ። የነቃ ታካሚ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወይም ማር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልተሻለው ይደግማል፣ ሲሻለውም ምግብ ይመገባል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይሰጥም፤ በጎኑ ተደርጎ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይወሰዳል።

ከፍተኛ ጥማት፣ ተደጋጋሚ ሽንት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ከታዩ ስኳሩ በጣም ከፍ ብሎ ኬቶን የተከማቸ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የከሳ፣ ብዙ ውሃ የሚጠጣና በሌሊት አልጋ ማርጠብ የጀመረ ልጅም በዚያው ቀን የስኳር ምርመራ ሊደረግለት ይገባል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የስኳር ምርመራና ክትትል የሚፈልጉ ተገልጋዮች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይቀርባሉ፤ እንደ አስፈላጊነቱም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ይህን ቅደም ተከተል መከተልና የአባልነት መታወቂያቸውን በየዓመቱ ማሳደስ ይኖርባቸዋል። ፎገራ ወረዳ መድኅኑ እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ እንደነበር ይታወቃል። ለቀጠሮ ሲመጡ የመመዝገቢያ ደብተሩን፣ በእጅ ያለውን የኢንሱሊን ብልቃጥና መለኪያውን ይዞ መቅረብ፣ እንዲሁም ኢንሱሊኑ ከማለቁ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ መምጣት ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያደርጋል።